የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ገቺ ፕሮቲኖች

የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ገቺ ፕሮቲኖች (ኢንሂቢተሮች) ማለት ትሪፕሲንን፣ ካይሞትሪፕሲንን፣ ኢላስቴዝን፣ አሚሌዝንና የመሳሰሉትን ምግብ የሚያደቁ ኢንዛይሞች ይዘው ሥራቸውን የሚያስቆሙ ፕሮቲኖች ናቸው። በጥራጥሬ ፍሬዎች፣ በድንች፣ በእንቁላል ነጭ ክፍል፣ በእንስሳት ቆሽት፣ በወስፋት ገላ ውስጥም ሳይቀር ይገኛሉ። አብዛኞቹ ትናንሽ ሲሆኑ ከ30 እስከ 200 ያህል አሚኖ አሲዶች ብቻ አሏቸው። አንዱ ገቺ ትሪፕሲንን ብቻ፣ ሌላው ካይሞትሪፕሲንን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ይህ የኢላማ ምርጫ መራጭነት ይባላል።

የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች በእነዚህ ፕሮቲኖች ላይ ያተኮሩት በአንድ እንግዳ ጠባያቸው ምክንያት ነው። በአብዛኞቹ ፕሮቲኖች ዘንድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ክፍል ከዝርያ ዝርያ ብዙም አይለዋወጥም፤ ለውጥ የሚበዛው ብዙ ሥራ በሌለበት ዳርቻ ላይ ነው። በብዙዎቹ ገቺዎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኝቷል። ኢንዛይሙን የሚነካው ክፍል ከሁሉም ይልቅ ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ፣ የተቀረው አካል ባለበት ይጸናል።

አሠራር

ፕሮቲን ማለት እንደ ጨሌ ተሰክተው የተያያዙ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ትሪፕሲን ይህን ሰንሰለት በዘፈቀደ አይቆርጠውም፤ የሚቆርጠው ላይሲን ወይም አርጂኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ቀጥሎ ብቻ ነው። ምክንያቱ በኢንዛይሙ ላይ ያለው ጠባብ ኪስ ነው። በኪሱ ግርጌ፣ በ189ኛው ቦታ፣ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ያለው አስፓርቲክ አሲድ ተቀምጧል። አዎንታዊ ሙል ያላቸው ላይሲንና አርጂኒን ወደዚያ ይሳባሉ። በካይሞትሪፕሲን በዚሁ ቦታ ያለው ሙል የሌለው ሴሪን ነው፤ ስለዚህ ኪሱ እንደ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ሉሲን ያሉትን ትልልቅና ከውሃ የሚሸሹ አሚኖ አሲዶች ይቀበላል። የኢላስቴዝ ኪስ ደግሞ በራሱ አሚኖ አሲዶች የተዘጋጋ ስለሆነ የሚመቸው እንደ አላኒን ላሉት ትናንሾች ነው። ሼክተርና በርገር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት፣ እስካሁንም በሚሠራበት አጠራር መሠረት ኪሱ ኤስ1፣ ወደ ኪሱ የሚገባው አሚኖ አሲድ ደግሞ ፒ1 ይባላል።

ገቺው ይህንኑ የኢንዛይሙን ምርጫ መልሶ በኢንዛይሙ ላይ ይጠቀምበታል። ከገላው ወጣ ብሎ የቆመ አጭር ቀለበት አለው፤ በቀለበቱ ላይ ለኪሱ የሚስማማ የፒ1 አሚኖ አሲድ ይገኛል። ኢንዛይሙ ቀለበቱን እንደ ማንኛውም ምግብ ይነክሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንደሚባለው ነው። ቀለበቱ ዳይሰልፋይድ በሚባሉ የድኝ ማሰሪያዎችና በሌሎች ትስስሮች ተወጥሮ የተያዘ ስለሆነ የሚቆረጠው በጣም በዝግታ ነው። ቢቆረጥም ሁለቱ ጫፎች ተለያይተው አይሄዱም፤ እዚያው ስለሚቆዩ ተመልሰው ሊጋጠሙ ይችላሉ። ኢንዛይሙ የነከሰውን መዋጥም መትፋትም አቅቶት ከሥራ ውጭ ይሆናል።

ጥብቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከላም ቆሽት የሚገኘውንና በምሕጻረ ቃል ቢፒቲአይ የሚባለውን ባለ 58 አሚኖ አሲድ ገቺ መመልከት ይበቃል። ሞዝስ ኩኒትዝና ጆን ኖርዝሮፕ እ.ኤ.አ. በ1936 ለይተው ያወጡት ይህ ፕሮቲን አንዴ ከትሪፕሲን ጋር ከተጣበቀ ለመላቀቅ ወራት ይፈጅበታል። ካይሞትሪፕሲንንም ይይዛል፤ ነገር ግን ጥብቀቱ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይቀንሳል። በ15ኛው ቦታ ያለው ፒ1 ላይሲን ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ዘዴ በተፈጥሮ የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። የኩኒትዝ፣ የካዛል፣ የቦውማን-በርክ፣ የድንችና የዱባ ተብለው የሚታወቁት የገቺ ቤተሰቦች የጋራ ቅድመ አያት ያላቸው አይመስሉም። ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ሲታለፍ የፕሮቲኑ አጠቃላይ ቅርጽ ፈጽሞ ይለያያል፤ የቀለበቱ ቅርጽ ግን አንድ ዓይነት ነው። ጥርሱ አንድ፣ እጀታው ልዩ ልዩ የሆነ ቁልፍ እንደማለት ነው። የኢንዛይሙ መቁረጫ ቦታ ቅርጽ የተወሰነ ስለሆነ ወደዚያ የሚገባው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ያንኑ ቅርጽ መያዝ ይኖርበታል።

አንድ አሚኖ አሲድ ሲለወጥ

መራጭነት በአብዛኛው በአጭር ቀለበት፣ ከዚያም ውስጥ በተለይ በፒ1 ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ለዝግመተ ለውጥ ትልቅ ትርጉም አለው። ሌላ ፕሮቲን አዲስ ኢላማ እንዲኖረው ብዙ ቦታዎች በአንድነት መለወጥ ሊኖርባቸው ይችላል። ለገቺ ግን በጂኑ ላይ የሚደርስ አንድ ሚውቴሽን (ድንገተኛ የጂን ለውጥ) ሊበቃው ይችላል።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች በጣም የሚያሳዝነው ከምግብ መፍጫ ሳይሆን ከደም የተገኘ ነው። አልፋ-1 አንቲትሪፕሲን የሚባለው የደም ገቺ፣ ስሙ በትሪፕሲን ቢጠራም፣ ዋና ሥራው የነጭ የደም ሴሎችን ኢላስቴዝ ይዞ ሳንባን ከጉዳት መጠበቅ ነው። የፒ1 አሚኖ አሲዱ በ358ኛው ቦታ ያለው ሜቲዮኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ዘገባ ላይ በተደጋጋሚ ደም ሲፈስሰው ኖሮ በ14 ዓመቱ የሞተ ልጅ ፕሮቲን ተመረመረ። ሜቲዮኒኑ በአርጂኒን ተተክቶ ተገኘ። በዚህ አንድ ለውጥ ብቻ የኢላስቴዝ ገቺ የነበረው ፕሮቲን ደምን የሚያረጋውን ትሮምቢንን የሚይዝ ሆኖ ነበር፤ ትሮምቢንም እንደ ትሪፕሲን አርጂኒንን ይመርጣልና። የዚህ ፕሮቲን መጠን በሕመምና በቁስል ጊዜ ስለሚጨምር ልጁ በተጎዳ ቁጥር የመድማቱ አደጋ ይብስበት ነበር። ዝርያው የፒትስበርግ ዝርያ ተብሎ ይጠራል።

በዕፅዋት ዘንድ ተመሳሳይ ለውጥ ያለ አደጋ የሚካሄድበት መንገድ አለ፤ እርሱም የጂን መባዛት ነው። በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኘው የቦውማን-በርክ ገቺ 71 አሚኖ አሲዶችና 7 የድኝ ማሰሪያዎች ያሉት ባለሁለት ራስ ፕሮቲን ነው። በአንደኛው ራስ በ16ኛው ቦታ ላይሲን ስላለ ትሪፕሲንን ይይዛል፤ በሁለተኛው ራስ በ43ኛው ቦታ ሉሲን ስላለ ካይሞትሪፕሲንን ይይዛል። ሁለቱ ግማሾች እርስ በርስ በጣም ይመሳሰላሉ። ከዚህም የተነሳ ቀድሞ ባለአንድ ራስ የነበረው ጂን በውስጡ እንደተባዛ ይታመናል። አንደኛው ግማሽ የቀድሞ ሥራውን እየሠራ ሳለ ሌላኛው አዲስ ኢላማ ለመሞከር ነጻ ሆነ ማለት ነው። በሣር ቤተሰብ፣ ማለትም በእነስንዴና ሩዝ ዘመዶች ዘንድ፣ አንደኛው ራስ ሥራውን አጥቷል፤ ከዚያም በአንዳንዶቹ ፕሮቲኑ በሙሉ እንደገና ተባዝቶ ዳግመኛ ባለሁለት ራስ ሆኗል።

የአእዋፍ እንቁላል ጥናት

የኢላማ ምርጫ በዝርያዎች መካከል እንዴት እንደሚለዋወጥ ከሁሉ በላቀ ስፋት የታየው በወፎች እንቁላል ነው። በእንቁላል ነጭ ክፍል ውስጥ ኦቮሙኮይድ የሚባል ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን በአንድ ሰንሰለት ላይ የተደረደሩ ሦስት የካዛል ገቺዎች ስብስብ ነው። ሦስተኛው ክፍል ተቆርጦ ሲወጣም ራሱን ችሎ ስለሚሠራ ለጥናት ይመቻል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ላስኮቭስኪ (አባቱም በዚሁ ስም የሚጠሩ የትሪፕሲን ገቺ ተመራማሪ ነበሩ) ከባልደረቦቹ ጋር የ100 የአእዋፍ ዝርያዎችን እንቁላል አሰባስቦ የሦስተኛውን ክፍል የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ አነበበ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። ዛሬ ቅደም ተከተል ከጂን በማሽን ይነበባል፤ በዚያ ጊዜ ግን ፕሮቲኑን ራሱን ማጥራትና ከጫፉ እየገፈፉ ማንበብ ይጠይቅ ነበር።

የተገኘው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ቅርጹን አጥብቀው የያዙት ስድስቱ ሲስቲኖች አልተነኩም፤ ከኢንዛይሙ የራቀው ገላም ብዙ አልተለወጠም። ከሁሉ ይበልጥ የተለዋወጡት ኢንዛይሙን የሚነኩት ቦታዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ ፒ1 ራሱ። በተርኪ ይህ ቦታ ሉሲን ነው፤ በብርማው ፌዛንት ሜቲዮኒን፣ በዶሮ አላኒን፣ በጃፓን ድርጭት ላይሲን ነው። አራቱም የአንድ ክፍለ መደብ ወፎች ናቸው። ሆኖም የተርኪው ክፍል ካይሞትሪፕሲንንና ኢላስቴዝን አጥብቆ ሲይዝ የድርጭቷ ፊቱን ወደ ትሪፕሲን አዙሯል።

ከዚህ ጥናት የመነጨው ሌላው ፍሬ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሳይቀር የሚጥም ነው። ገቺው ኢንዛይሙን ከሚነካባቸው ቦታዎች 10ሩ እንደልብ የሚለዋወጡ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ 20 አሚኖ አሲዶች ሊቀመጡ ስለሚችሉ ጠቅላላው አማራጭ 20 በ10 ሲነሣ፣ ማለትም ከ10 ትሪሊዮን በላይ ነው። ይህን ሁሉ ሠርቶ መለካት አይታሰብም። የላስኮቭስኪ ቡድን ግን አንድ ቀላል ግምት ወሰደ፤ እያንዳንዱ ቦታ ለጥብቀቱ የሚያዋጣው ኃይል ከሌሎቹ ቦታዎች ሳይጠላለፍ ዝም ብሎ የሚደመር ነው የሚል። ይህ እውነት ከሆነ የሚያስፈልገው በ10ሩ ቦታዎች ላይ 19 ለውጦችን በየተራ ማድረግ፣ በድምሩ 190 ልዩ ፕሮቲኖችን ሠርቶ መለካት ብቻ ነው። እንዲሁ አደረጉ፤ እያንዳንዱንም በስድስት ኢንዛይሞች ላይ ለኩት። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ሥራቸው የአንድን የካዛል ገቺ ቅደም ተከተል ብቻ በማየት ስድስቱን ኢንዛይሞች ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። ትንበያው በአብዛኛው ሠርቷል። የሚስተው በተለይ ሁለት ጎረቤት አሚኖ አሲዶች እርስ በርስ ሲነካኩ ነው፤ በዚያን ጊዜ ድምሩ መደመሩን ያቆማል።

መደመሩ ለዝግመተ ለውጥም ይጠቅማል። ቦታዎቹ እርስ በርስ ካልተጠላለፉ ዛሬ የተገኘ ጥሩ ለውጥ ነገ በሌላ ቦታ በሚመጣ ለውጥ አይበላሽም። ገቺው ደረጃ በደረጃ ወደ አዲስ ኢላማ ሊጓዝ ይችላል።

ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው ወይስ ሌላ?

የቀለበቱ ፈጣን ለውጥ ወዲያው የሚያስታውሰው የማያቋርጥ ፍልሚያን ነው። ኢንዛይሙ ለማምለጥ ይለወጣል፤ ገቺው ለመያዝ ይከተለዋል። ሂልና ሄስቲ እ.ኤ.አ. በ1987 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ የአይጥ ዘመዶችን የደም ገቺዎች አወዳድረው እዚህ መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። የሚጠቀሙበት መለኪያ ዛሬም ይሠራበታል። በጂን ላይ የሚደርሱ ለውጦች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አሚኖ አሲዱን የሚለውጡና የማይለውጡ። የማይለውጡት ድምፅ የለሽ ስለሆኑ ተፈጥሯዊ ምርጫ ብዙም ሳያገኛቸው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይጠራቀማሉ። አሚኖ አሲድ የሚለውጡት ከእነርሱ በልጠው ከተገኙ ለውጡን የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው።

ሁሉም ግን አልተስማማም። ግራውርና ሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በቀለበቱ አካባቢ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች በባሕርያቸው ለለውጥ የቀረቡ ስለሆኑ ፍጥነቱ የስብጥሩ ውጤት እንጂ የግድ የምርጫ ምልክት አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። በኦቮሙኮይድ ላይ ክርክሩ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ክፍል በእንቁላል ውስጥ የትኛውን ኢንዛይም እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም። ኢላማው የማይታወቅን ተኳሽ አልሞ ተኮሰ ለማለት ያስቸግራል።

ጠንከር ያለ ማስረጃ የሚሆነው ስሌትና ሙከራ ሲገጥሙ ነው። ሲስታቲን የሚባሉት የዕፅዋት ገቺዎች ከሴሪን ይልቅ በሲስቲን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ይይዛሉ። ኪጉንዱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት በመጀመሪያ በስሌት ተፈጥሯዊ ምርጫ የገፋቸውን ቦታዎች ለዩ። ቀጥለው በአንድ የቲማቲም ሲስታቲን ላይ እነዚያኑ ቦታዎች አንድ በአንድ ለወጡ። ገቺው የሚይዛቸው ኢንዛይሞች ዝርዝርም አብሮ ተለወጠ።

ዕፅዋት፣ ነፍሳትና ወስፋት

ኢላማው በግልጽ በሚታወቅበት ቦታ ፍልሚያው ይበልጥ ይታያል። ግሪንና ራያን እ.ኤ.አ. በ1972 የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ የበላቸው የድንችና የቲማቲም ተክሎች ገቺዎችን በብዛት እንደሚሠሩ፣ ያልተበሉት ቅጠሎቻቸው እንኳ እንደሚሞሉ አሳዩ። ቅጠሉን የበላ ነፍሳት ፕሮቲን ጠግቦ ሳለ ፕሮቲን ይርበዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ከካውፒ ጥራጥሬ የተወሰደ የትሪፕሲን ገቺ ጂን ወደ ትምባሆ ገብቶ ተክሉን ከአባጨጓሬ ጥቃት እንዲከላከል አስችሎታል። ብዙዎች የፀረ ተባይ መርጨት ሊቀር ነው ብለው ተስፋ አድርገው ነበር።

ነፍሳቱ ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። ዮንግስማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 የድንች ገቺ የገባበትን ትምባሆ የበሉ አባጨጓሬዎች ሳይቀጭጩ እንደሚያድጉ ዘገቡ። የአንጀታቸው ኢንዛይሞች ሲመረመሩ አብዛኞቹ ያ ገቺ የማይዛቸው ሌሎች ትሪፕሲኖች ሆነው ተገኙ። አባጨጓሬው ብዙ የትሪፕሲን ጂኖች ስላሉት አንዱ ሲያዝ ሌላውን ያወጣል። ስለዚህ ከተክሉ የሚጠበቀው አንድ ገቺ ማጥበቅ ሳይሆን ልዩ ልዩ ኢላማ ያላቸው ብዙ ገቺዎችን መያዝ ነው፤ ድንች በርካታ የገቺ ጂኖችን የያዘበት አንዱ ምክንያትም ይኸው እንደሆነ ይታሰባል።

የቦሎቄ ታሪክ ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል። ቦሎቄ ስታርችን የሚያደቀውን አሚሌዝን የሚገታ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ፕሮቲን የሌክቲን ቤተሰብ አባል ነው። ሌክቲኖች ስኳርን የሚይዙ የፍሬ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ከተባዛ በኋላ የስኳር መያዣውን አጥቶ አሚሌዝ መያዣ አበጀ። አንደኛው ቅጂ የአሳማን አሚሌዝና የአንዳንድ ነቀዞችን አሚሌዝ ይይዛል፤ የሜክሲኮ ቦሎቄ ነቀዝን ግን አይነካም። በዱር በቀል ቦሎቄዎች የተገኘው ሁለተኛው ቅጂ በተቃራኒው የሜክሲኮውን ነቀዝ አሚሌዝ ይዞ የአሳማውን ይተዋል። ሁለቱ ቅጂዎች በአሚኖ አሲዶቻቸው 78 በመቶ ይመሳሰላሉ። ይህ ነቀዝ በኢትዮጵያም የተከማቸ ቦሎቄን ከሚያበላሹት አንዱ ስለሆነ ጉዳዩ የጎተራ ጉዳይ ጭምር ነው። ነቀዙ በበኩሉ ሌላ መከላከያ አለው፤ አንጀቱ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የመጀመሪያውን ገቺ ራሱን ይፈጨዋል።

ገቺን ለጥቃት ሳይሆን ለመጠለያ የሚጠቀሙም አሉ። ወስፋት የሚኖረው በትሪፕሲንና በካይሞትሪፕሲን በሚታጠብ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው፤ ያም ሆኖ አይፈጭም። የአሳማ ወስፋት ለትሪፕሲን አንድ ዓይነት፣ ለካይሞትሪፕሲንና ለኢላስቴዝ ሌላ ዓይነት፣ ለጨጓራው ፔፕሲን ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ገቺ ይሠራል።

በቆሽት ውስጥ

ቆሽት ትሪፕሲንን የሚያመርተው ትሪፕሲኖጅን በሚባል ገና ባልነቃ መልኩ ነው። ጥቂቱ እዚያው ሳለ ቀድሞ ቢነቃ ሌሎቹንም አንቅቶ ቆሽትን ራሱን መፍጨት ይጀምራል። ለዚህ መጠባበቂያ የሚሆነው ካዛልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ያገኙት ባለ 56 አሚኖ አሲድ ገቺ ነው። ዛሬ ስፒንክ1 ይባላል። በጂኑ ላይ ያለ አንድ የታወቀ ለውጥ ሥር ከሰደደ የቆሽት ብግነት ጋር ተያይዞ እ.ኤ.አ. በ2000 ተዘግቧል። ስፒንክ1 የኦቮሙኮይድ ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ይለያል። በሰውና በአሳማ ፒ1ው ላይሲን፣ በላም አርጂኒን ነው፤ ሁለቱም ለትሪፕሲን የተመቹ ናቸው። ኢላማው የራሱ የሰውነቱ ትሪፕሲን ስለሆነና ኪሱም ስለማይለወጥ ገቺው የሚሸሽ ጠላት የለውም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይህን ያህል የተለያየ ፍጥነት መታየቱ ለውጡን የሚወስነው የፕሮቲኑ ቅርጽ ብቻ አለመሆኑን ይጠቁማል።

ሰው የሚበላቸው ጥራጥሬዎችም በገቺ የተሞሉ ናቸው። ኦዝቦርንና ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1917 አይጦች ጥሬ አኩሪ አተር ሲበሉ በቅጡ እንደማያድጉ፣ ሲበስልላቸው ግን እንደሚያድጉ አሳይተው ነበር። ኩኒትዝ በ1940ዎቹ ከአኩሪ አተር ያወጣው ገቺ ሲበስል በቀላሉ ይበላሻል፤ በ7 ማሰሪያ የታሰረው የቦውማን-በርክ ገቺ ግን እሳትን ይበልጥ ይቋቋማል። ጥራጥሬን መቀቀልና መቁላት የገቺዎችን ጉልበት በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የሰው ቆሽት ከእሳት ሌላም መፍትሔ አለው። ከትሪፕሲኖቹ መካከል በመጠኑ አነስተኛ የሆነው ሜሶትሪፕሲን በአብዛኞቹ ገቺዎች አይያዝም። በዚህ የኢንዛይም ቤተሰብ በ193ኛው ቦታ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ትንሹ ግላይሲን ይገኛል፤ በሜሶትሪፕሲን ግን ትልቁ አርጂኒን ተተክቶበታል። ይህ አርጂኒን ገቺው በሚጣበቅበት በኩል ወጣ ብሎ ስለሚቆም ጥብቀቱን ያላላዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ሜሶትሪፕሲን ከመያዝ ማምለጥ ብቻ ሳይሆን የአኩሪ አተርን የኩኒትዝ ገቺ ቆራርጦ ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው አሳይቷል። ሌሎቹ ትሪፕሲኖች ነክሰው የቀሩበትን ቀለበት እርሱ ይፈጨዋል። ያው ጠባይ ግን ስፒንክ1ንም ይነካል፤ ሜሶትሪፕሲን በቆሽት ውስጥ ያለጊዜው ቢነቃ ራሱን የቆሽትን መጠባበቂያ ይቆርጠዋል።